ባቡር ያላሻገረች ጋን

ልጄ ሰሞኑን ዕረፍት የለውም። አዲስ ስቴሪዮ ገዝቶ ሳሎኔ ውስጥ ከተከለ ወዲህ ሁለቱን ስፒከሮች አንዴ ወደ ግድግዳው ያስጠጋል፣ አንዴ ከመጋረጃው ያርቃል፣ በሜትር ይለካል፣ ስልኩን እየነካካ ወፍራሙን ድምፅ ይቀንሳል፣ ቀጭኑን ይጨምራል። ከዚያ እኔን መሀል ሶፋው ላይ ያስቀምጠኛል። «እማዬ፣ አሁንስ?» ይለኛል። ደህና ነው እለዋለሁ። «በግራ በኩል ዝዝ የሚል ነገር አይሰማሽም?» ይሰማኛል እንጂ! እንዴት አይሰማኝ? እኔ እኮ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ከዚያም በላይ የአትጠገብ ልጅ ነኝ። ስፒከር ሲስተካከል ያየሁት ይሄ ልጅ ሊወለድ ቀርቶ አባቱን በዓይኔ ሳላየው ነው። ሲበላሽም አይቻለሁ። እንዲያውም ሲበላሽ ያየሁት ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነበር። በራችን ላይ ጫፉ ላይ ጣሳ የተደፋበት ረጅም እንጨት ስለቆመ ጠላ ቤት መሆናችንን መንገደኛው ሁሉ ሳይጠይቅ ያውቃል። አባቴ የሞተው እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው። እናቴ አትጠገብ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ያሳደገችን በዚያ ጠላ ነው። ሮብ ገበያ ከሚባለው አገር እህል ጭኖ የሚመጣ ገበሬ አህዮቹን ሳያራግፍ መጀመሪያ እኛ ቤት ጎራ ይል ነበር። ጠላውን ጠላ ያደረጉት ደግሞ ሁለት ጋኖች ናቸው። ሴት አያቴ ለእናቴ ያወረሰቻት፣ አንዲት ሴት ሠርታ በአንድ እሳት የተኮሰቻቸው መንታ ጋኖች፤ ሆዳቸው ሰፊ፣ አፋቸው ጠበብ ያለ፣ ዕድሜና ጭስ ያጠቆራቸው። እናቴ በግራዋ ቅጠል አጥባ በወይራ ታጥናቸዋለች። ዛሬም የወይራ ጭስ ካፍንጫዬ ከደረሰ ሆዴ ይባባል።

ጠላ ከመጥመቋ በፊት ሁልጊዜ የምታደርገው ነገር ነበራት። ጋኗን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርግና ጆሮዋን ትጥላለች። ጋን ሲገዛም ሲታጠብም ሲዋስም እንዲያ ነው የሚፈተነው፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይመልሳል፣ የነቃው፣ ስንጥቅ ያለበት፣ ድምፁ ይታፈናል። እኛም እቃ እቃ ስንጫወት ያገኘነውን ሁሉ እናንኳኳ ነበር። እኔማ የወንድሜን ራስ አንኳኩቼ «ይሄ ነቅቷል፣ አይገዛም» ብዬ በእናቴ እጅ የቀመስኩትን ቁንጥጫ አልረሳውም። እናቴ መንታ ጋኖቿን ዓይኗን ጨፍና በድምፃቸው ትለያቸዋለች። እኔ ግን አንድ ይሆኑብኝ ነበር።

አጥር የምንጋራው አቶ ስመኝ የእህል ነጋዴ ነበር። «ነበሩ» እንድለው የምትጠብቁ ካላችሁ ትቆያላችሁ። ቤቱ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ መስተዋት ነው። ይሄ ሰውዬ ከአስመራ ስቴሪዮ የሚባል ሸክላ ማጫወቻ ከሁለት ስፒከሮች ጋር አስመጣ። ሰፈሩ ጉድ አለ። ነገር ግን አስመራ ሱቁ ውስጥ የሰማው ድምፅ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ጠፋበት። ዘፋኙ ሁሉ ጣሳ ውስጥ ገብቶ የሚጮህ ይመስል ነበር። ስፒከሮቹን ከወንበር ላይ ቢያወጣ፣ ከአልጋ ሥር ቢያስገባ፣ ግድግዳውን አጎዛ ቢያለብስ አልሆነለትም። እኛ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ አፍጥጠን እናየው ነበር። ላቡን እየጠረገ ዕቃ ሲያጓትት፣ ሚስቱ «ኧረ ቤቴን ተወው!» ስትለው፣ ከዚህ የበለጠ ጨዋታ አልነበረንም።

አንድ ቀን ራሱ እኛ ቤት መጣ። የማርያም ማኅበር ተራው እንደደረሰና ጋን እንዳነሰው ለእናቴ ነገራት። ለማኅበር ጋን ተጠይቆ እንቢ የሚል ሰው በኛ አገር የለም። እናቴ አንደኛዋን ጋን ኳ ኳ አደረገቻትና «ደህና ናት፤ በደህና ትመለስ» ብላ ሰጠችው። ማርያም አለፈች፣ ጋኗ አልመጣችም። እናቴ ያዋሱትን መጠየቅ ነውር ሆኖባት ቆየችና በመጨረሻ እኔን ላከችኝ። ሚስቱ ዓይኗን ሰብራ «ገና አልታጠበችም በያት» አለችኝ።

ያን ጊዜ የከተማው መብራት የሚመጣው አመሻሹ ላይ ነበር። አንድ አመሻሽ እናቴ ብቅል ስታበጥር ከአጥሩ ማዶ ሙዚቃ ተነሣ። ጣሳ ውስጥ የነበረው ዘፋኝ ወጥቷል! ከሥር ደግሞ ከበሮው ድም ድም እያለ ደረት ውስጥ ይገባል። መንገደኛው ቆሞ ያዳምጣል። እኔ ልደንስ ምንም አልቀረኝ። እናቴ ግን ወንፊቱን እንደያዘች ቀጥ አለች።

«ይቺ የኔ ጋን ናት» አለች።

ዘፈን እኮ ነው እማ፣ አልኳት።

«ዘፈኑን አይደለም የምልሽ፤ ከሥር የምትመታዋን ስሚ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። የአቶ ስመኝ ሳሎን እንግዳ ሞልቶበታል። ጋናችን በገለባ ላይ በጎኗ ተጋድማለች። አፏ ላይ ስፒከሩ ተገጥሞ ዙሪያውን በጨርቅና በሰም ተለጥፏል። ቂጧ በጋለ ብረት ተበስቶ ሽቦ ወጥቶበታል። እናቴ ቀዳዳው ውስጥ ጣቷን አስገባች። ቀዳዳ ያለው ጋን ጠላ አይዝም፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። አቶ ስመኝ ግን ሳቀ። «ምን ሆነሻል አትጠገብ? ሌላ አስመጣልሻለሁ። ደግሞስ ደስ ይበልሽ እንጂ፤ ጋንሽ ከጠላ ቤት ጓዳ ወጥታ ሳሎን ገባች!» እንግዶቹም አብረውት ሳቁ። እናቴን ተሸማቃ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አንተ ስመኝ!» አለችው። እስከዚያ ቀን ድረስ አንተ ብላው አታውቅም። «ለማርያም ብዬ የሰጠሁህን የእናቴን ዕቃ በስተህ ትስቃለህ? እሺ። ሳቅ።» እጄን ይዛ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ጠላችን ግማሽ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሳይደምቅ ጠላው ያልቃል፤ ደንበኛው ባዶ ጣሳውን አይቶ ሌላ ቤት ይሄዳል። አመሻሹ ላይ ደግሞ ጋናችን ከአጥር ማዶ ለሰው ስትዘፍን እንሰማለን። እኔ ከንፈሬን እየነከስኩ ድንጋይ በቆርቆሮው ላይ ልወረውር እነሣለሁ። እናቴ «ቁጭ በይ» ትለኛለች። እሷ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፣ ዳኛ ዘንድም አልሄደችም። ቂሟን እንደ ጠላዋ ጠነሰሰችውና ክዳኑን ገጥማ ተቀመጠች።

አቶ ስመኝም ደስታው ሙሉ አልሆነም። ስፒከሩ ሁለት፣ ጋኑ ግን አንድ ነው። ሁለተኛውን ስፒከር በርሜል ላይ ቢገጥመው ቆርቆሮ ቆርቆሮ አለው፤ ከገበያ የገዛው ጋን ላይ ቢገጥመው «አንዱ ጎልማሳ አንዱ ሕፃን ሆነብኝ» እያለ ለሰው ያማርር ጀመር። ስቴሪዮው ሲገዛ አብሮ የመጣ ዘፈን የሌለበት ሸክላ ነበረው፤ የባቡር ድምፅ ብቻ ነው። ሁለቱ ስፒከሮች እኩል ከሆኑ ባቡሩ ከግራ ተነሥቶ በሰው ፊት አልፎ በቀኝ ይወጣል ተብሎ ነበር የሸጡለት። በጥር ሴት ልጁን ይጁቤ ከተማ ለሚኖሩት ግራዝማች ልጅ ሊድር ነው። ሰውዬው በሰርጉ ዕለት፣ በግራዝማቹ ፊት፣ ባቡር ካላሳለፍኩ ብሎ እህል ውሃ አልልህ አለው።

ስለዚህ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። መንታዋን ጋን ሊለምን! የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እናቴ የአተላ ባልዲ ስትደፋበት ለማየት በየአጥሩ ሥር ቆመዋል። እናቴ ግን ብድግ አለችና «አቶ ስመኝ፣ ይግቡ እንጂ። ይቀመጡ» አለችው። ወደ እርስዎ መመለሷን ስሰማ እኔ ደነገጥኩ፤ እሱ ደስ አለው። «ለልጅ ሰርግ ነው፤ እንዴት እንቢ እላለሁ? ብቻ አጥቤ ላድርቃትና ሰው ይላኩ» አለችው። «እግዜር ይስጥሽ! እኔ እኮ ክፉ ሴት እንዳልሆንሽ አውቃለሁ» አለና መርቋት ሄደ። ሴቶቹ በእናቴ አፈሩ። እኔም አፈርኩ፤ ቀኑን ሙሉ አኩርፌያት ዋልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ በሩን ዘጋች። ጠላውን ገለበጠች፣ ጋኗን በግራዋ አጠበች፣ እንደ ወትሮዋም በወይራ አጠነቻት። ሟች እንደሚገንዝ ሰው ነበር የምትሠራው። ከዚያ ጓሮ አወጣቻትና በጎኗ አስተኝታ እሳት አነደደችባት። ጋኗ እስክትግል ጠበቀችና አንዲት ቦታ ላይ፣ ከሆዷ ዝቅ ብሎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አደረገችባት። ጢቅ አለች። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ናት። እናቴ በጣቷ አንጓ መታቻት፤ ድምፅዋ ታፈነ። መዳፏን ስንጥቁ ላይ አድርጋ ስታለቅስ እኔ እንደ ዕብድ ጮህኩ። «እማ! ምን አደረግሽ? ምን ልንበላ ነው?»

«ዝም በይ» አለችኝ። «ደህና ሆና ለሱ ከምትዘፍን ሞታ ለኔ ትዘፍን።»

ጋኗ ስትቀዘቅዝ ስንጥቁን በሰም ደፈነችው፤ ላዩን በጥላሸት አሸችው። እንደገና ኳ ኳ አደረገቻት። እኔ ልዩነቱን መስማት አልቻልኩም። እሷ ግን ትንሽ አዳምጣ «ለሱ ጆሮ ይበቃዋል» አለች።

አቶ ስመኝ ይህችኛዋንም በሳትና በቀኝ በኩል አጋደማት። ከዚያ የተያዘው ማስተካከል ነው! ጋኖቹ ውስጥ የበግ ፀጉር ይጠቀጥቃል፣ ደግሞ ያወጣል። ከመሀል ወንበር እስከ ሁለቱ ጋኖች አፍ ገመድ ወጥሮ ይለካል። የሰፈሩን ሰው እየጠራ ወንበሩ ላይ ያስቀምጥና «ከወዴት መጣ? ወዴት ሄደ?» ይላል። እኔም ተጠርቼ ተቀመጥኩ። ባቡር አይቼ አላውቅም። በግራዬ ከሩቅ ኡኡታ ተሰማ፣ ጎማው ይሁን ብረቱ እየተንኳኳ ቀረበ፣ በፊቴ አለፈ፣ እንዳይረግጠኝ ቀሚሴን ሰብሰብ አደረግሁ፣ በቀኝ ወጣ። እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱ ጋኖች ደህና ሆነው አብረው የዘፈኑ ያህል ነበር። ልቤ ሊርገበገብ ሲል እናቴ ስንጥቁ ላይ ያደረገችው መዳፍ ትዝ አለኝ። «እንዴት ነው አንቺ?» አለኝ። በጣም ጥሩ ነው፣ እንዳይነኩት አልኩት። ከረሜላ ሰጠኝና ሲያየኝ ዋጥኩለት።

የሰርጉ ዕለት እናቴ ጠጉሯን ተሠርታ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ ገባች። ዳሱ ጢም ብሏል፤ ጋኖቹም ከሳሎን ወጥተው በዳሱ ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። ሴቶቹ ወዳሉበት ሳትሄድ ከቀኟ ጋን አጠገብ ተቀመጠች። «ብርድ ብርድ አለኝ፤ እባካችሁ ከሰሉን ወዲህ በሉልኝ» አለች። የጥር አመሻሽ ነው፤ ማንም አልጠረጠረም። ከሰል የሞላ ማንደጃ አመጡላት። አቶ ስመኝ ወዲያ ማዶ ሸክላውን በነጠላ ጨርቅ ሲወለውል፣ እናቴ በእግሯ ማንደጃውን ትንሽ በትንሽ ወደ ጋኗ ትገፋ ነበር። ሁለቱም እያስተካከሉ ነው። እኔ የማየውን ማን አየ? ትንፋሼን ይዤ የምመለከተው የሰሟን ቦታ ነው። እየቆየ ወዛ፣ አብለጨለጨ፣ አንዲት ጠብታ ወረደች።

መብራት መጣ። አቶ ስመኝ እጁን አነሣ። «ግራዝማች፣ አሁን ባቡር በፊትዎ ያልፋል!» አለ። ግራዝማቹ ጢማቸውን እየደባበሱ ቀና አሉ። ከግራ ኡኡታው ተነሣ። ባቡሩ ቀረበ፣ መሀል ደረሰ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ፤ ከዚያ ቀኝ ጋር ሲደርስ ቅርቅርቅርቅር፣ ዝዝዝ! የተሰበረ ድስት ክዳን የሚንቀጫቀጭ ይመስል ነበር። አንድ ሰው ሳቁን ለቀቀው። አቶ ስመኝ ሮጦ ከመጀመሪያ አስጀመረው። ባቡሩ ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ቀኝ ጋር ሲደርስ ቅርቅርቅር። «ስመኝ፣ ይሄ ባቡርህ በበቅሎ ነው እንዴ የሚጎተተው?» አሉ ግራዝማቹ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሰውዬው ፊቱ ደም መስሎ፣ እልህ ይዞት፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ባቡሩ እያገሳ መጣ። ጧ! ጋኗ ለሁለት ተከፈለች፤ ስፒከሩ በሽቦው ተንጠልጥሎ ቀረ።

«እልልልልልል!»

እናቴ ናት። ብቻዋን፣ ቆማ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ። ሰርግ ቤት ነው፤ እልልታን ማን ይከለክላል? ሌሎቹም ሴቶች ተቀበሏት። ሙሽራዪቱ ለእሷ መስሏት አንገቷን ደፋች። አቶ ስመኝ ብቻ እናቴን አፍጦ አያት። ገባው። ግን ምን ይላል? ለምኖ የወሰደው ራሱ ነው። እናቴ ነጠላዋን ዘርግታ ስብርባሪዋን ለቃቀመች። አሽከሩ «ተዪው፣ እኔ እጠርገዋለሁ» ሲላት «አይነካ፤ የእናቴ ነው» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአቶ ስመኝ ስሙ «ባቡሩ» ሆነ። እህል ሲገዛ ባቡሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ባቡሩ። እኛ ልጆች ሲያልፍ «ኡኡኡ፣ ቅርቅርቅር» እንልና እንሮጣለን። ኧረ እንዴት ደስ ይል ነበር!

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሽማግሌ ላከባት። የተበሳችውን የመጀመሪያዋን ጋንና አንድ አዲስ ጋን አሸክሞ ነው የላካቸው። እናቴ ሽማግሌዎቹን አስቀመጠች፣ የሚሉትን ሁሉ ሰማች። ከዚያ ተነሥታ አዲሱን ጋን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አደረገችው። ጥርት ብሎ መለሰ። «ደህና ድምፅ አለው» አለች። «ይውሰደውና ሙዚቃ ያጫውትበት።» የተበሳችውን ብቻ አስቀረች። ዶሮዎቻችን አደሩባት።

ዋጋውን ከፍለናል። እናቴ በበርሜል መጥመቅ ጀመረች፤ ደንበኛው ቀምሶ ጣሳውን ያስቀምጣል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም። እኔም በጠበበኝ ቀሚስ ተማሪ ቤት ገባሁ። አንዳንድ ሰው ይህን ስነግረው «ምን አለበት ይቅር ብትለው ኖሮ?» ይለኛል። እኔ ግን ያቺን እልልታ ስንዴ በሞላ ጎተራ አልለውጣትም። ያን ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤት ጋን ይዋዋሳል፣ እሳት ይጫጫራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ዛሬ እዚህ ፎቅ ላይ ከጎኔ ያለውን ሰው ስሙን እንኳ አላውቀውም። ቂም የሚይዙበት ጎረቤት ጠፋ እኮ! ድምፁም ከጡብ ከምታንስ ሣጥን ውስጥ ይወጣል፤ ውስጡ የማን ዕቃ እንዳለ፣ ማን እንዳለቀሰበት የሚያውቅ የለም።

ይኸው ልጄ ዛሬም መሬት ተንበርክኮ ሽቦ ይነቅላል፣ ሽቦ ይተክላል። ከግራው ስፒከር አጠገብ፣ መደርደሪያው ላይ፣ መዳፍ የምታህል የጠቆረች ገል አለች። እናቴ ስትሞት የወሰድኩት ዕቃ እሷን ብቻ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ሲመታ እሷ ናት ዝዝ የምትለው። ተነሣሁና አቧራ የምጠርግ መስዬ ጣቴን ላይዋ ላይ አሳረፍኩ። ዝዝታው ጠፋ።

«ጠፋ! እማዬ፣ ምን አደረግሽ?» አለኝ ቀና ብሎ።

ምንም አልኩት። ጣቴን አነሣሁ። ገሏ ጀመረች። እሱ «ተመለሰ!» ብሎ እያማረረ ወደ ሽቦው ጎንበስ አለ። አንድ ቀን እነግረዋለሁ። ለጊዜው ግን ትዘፍን ተውኳት፤ እሷ የምትዘፍነው ለእናቴ ነው።